ከደብረ ዘይት ወደ ገብር ኄር፦ የጌታን መምጣት በሥራ ላይ ሆኖ መጠበቅ



በግእዝ ሥርዐት የዐቢይ ጾም እሑዶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስምና የራሳቸው ትምህርት አላቸው። ከዘወረደ ጀምረን ስንቆጥር አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ይባላል። በዚህ ዕለት የሚነበበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ነው፤ ይኸውም ጌታችን በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ለብቻቸው ቀርበው ስለ መምጣቱ ምልክትና ስለ ዓለም ፍጻሜ እንደ ጠየቁት የሚተርከው ክፍል ነው። ቀጥሎ ያለው ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር፥ ማለትም ደግ አገልጋይ ይባላል፤ በእርሱም የመክሊቱ ምሳሌ (ማቴ. 25፥14-30) ይነበባል።

ብዙዎቻችን ደብረ ዘይትን በሚገባ እናስታውሳለን። ስለ ጦርነት፥ ስለ ረኃብ፥ ስለ ምድር መናወጥና ስለ ፀሐይ መጨለም የሚናገረው ቃል ልብን ይመታልና። ገብር ኄር ሲደርስ ግን ጆሯችን ይደክማል፤ ስለ ገንዘብና ስለ ትርፍ የሚናገር ሌላ ጉዳይ ይመስለናል። እነዚህን ሁለት እሑዶች ጎን ለጎን ያኖሩ አባቶች ግን ይህን በከንቱ አላደረጉትም። በመጀመሪያው እሑድ «ጌታ ይመጣል» ብለው ካስተማሩን በኋላ፥ በሁለተኛው «ሲመጣ ምን ስትሠሩ ያግኛችሁ?» ብለው ይጠይቁናል።

በላቲን ሥርዐት የሚቀድሱ ቁምስናዎቻችንም ይህንኑ ትምህርት በሌላ ወቅት ያገኙታል። ከልደት በዓል አስቀድሞ በሚመጣው አድቬንት በሚባለው የዝግጅት ወቅት የመጀመሪያው እሑድ ወንጌል፥ በሦስቱም የንባብ ዓመታት፥ ስለ ዳግም ምጽአትና ነቅቶ ስለ መጠበቅ የሚናገር ነው። ወቅቱ ቢለያይም ትምህርቱ አንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻውም ይህንኑ ነው፤ የጌታን መምጣት የሚጠብቅ ክርስቲያን በተሰጠው አደራ ላይ በታማኝነት የሚገኝ ክርስቲያን ነው።

1. ቀኑን መቁጠር ለምን አይጠቅምም?

በአገራችን ኑሮ ሲከፋ፥ ልጅ ለወላጅ አልታዘዝ ሲል፥ የጦርነትና የድርቅ ወሬ ሲሰማ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። የዚህን አነጋገር መነሻ ማወቁ ይጠቅመናል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታችን ልደት 5500 ዓመት ይቆጠራል። በዚህ ስሌት መሠረት ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ሲሆን፥ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። እንግዲህ «ደረሰ» የምንለው ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻቸው በእርሱ ውስጥ ተወልደው፥ አርሰው፥ ጸልየውና ልጆቻቸውን አስጠምቀው አርፈዋል።

ቀንን የመቁጠር ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። በአምስተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ሔሲኪዮስ የተባለ የሳሎና ከተማ ጳጳስ፥ ከትንቢተ ዳንኤል ተነሥቶ የፍጻሜውን ጊዜ ማስላት ይቻል እንደ ሆነ ቅዱስ አውግስጢኖስን በደብዳቤ ጠይቆት ነበር። ቅዱሱ በመልሱ ጌታን የሚጠብቁ ሦስት አገልጋዮችን ያነጻጽራል። አንደኛው ጌታ ፈጥኖ ይመጣልና እንትጋ ይላል። ሁለተኛው ጌታ ሊዘገይ ይችላል፥ ነገር ግን ዕድሜያችን አጭር ነውና እንትጋ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጊዜውን አላውቅም፥ ስለዚህ እንትጋ ይላል። ሦስቱም መትጋታቸው መልካም ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ግን ሦስተኛውን ይመርጣል። ይህ አገልጋይ ጌታ ቶሎ ቢመጣ ደስ ይለዋል፥ ቢዘገይም ይታገሣል፥ የማያውቀውንም ዐውቃለሁ ስላላለ አይሳሳትም።

ዐውቃለሁ ያሉ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ታሪክ ይመሰክራል። በአሜሪካ አገር ዊሊያም ሚለር የተባለ ሰባኪ መጽሐፍ ቅዱስን መሠረት አድርጎ የጌታን መምጫ ጊዜ አስልቶ ነበር። በመጨረሻም ተከታዮቹ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ብዙ ሺህ ሆነው ጠበቁ። ያ ቀን እንደ ሌላው ቀን መሽቶ ነጋ። የብዙዎችም ልብ ተሰበረ፤ በስሌቱ ላይ የተመሠረተ እምነት ከስሌቱ ጋር ወደቀ።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ በቅዱስ ጳውሎስ ዘመን በተሰሎንቄ የነበሩ አንዳንድ ክርስቲያኖች የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ሰምተው ታውከው ነበር (2ተሰ. 2፥1-2)። በዚያው መልእክት ሥራ ፈትተው በሰው ጉዳይ የሚገቡ ሰዎችም ተጠቅሰዋል። ሐዋርያው ስሌት አላስተማራቸውም። በጸጥታ እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ፥ መልካም ከማድረግም እንዳይሰለቹ አዘዛቸው (2ተሰ. 3፥6-13)። ለታወከው ማኅበር የሰጠው መድኃኒት ወደ ዕለት ሥራ መመለስ ነበር።

ጌታችን ራሱ ያን ቀንና ያችን ሰዓት ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቅ በግልጽ ተናግሯል (ማቴ. 24፥36)። ጦርነትና ረኃብ ሲሰማም እንዳንደነግጥ፥ ይህ የምጥ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው ገና መሆኑን አስጠንቅቋል (ማቴ. 24፥6-8)። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ፥ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ «ይህ ፍጻሜው ይሆን?» ብለን የጠየቅን ጥቂቶች አይደለንም። ጥያቄው ኃጢአት አይደለም። በእነዚያ ቀናት ከጌታ የተሰጠን ሥራ ግን ግልጽ ነበር፤ የተራበውን ማብላት፥ የታመመውን መጠየቅ፥ ብቻውን የቀረውን ማጽናናት። ዘመኑን ስንመረምር ጎረቤታችንን ከረሳን ምልክቱን አይተን ትርጕሙን ስተናል።

2. ነቅቶ መጠበቅን የሚያስተምሩ ሦስት ምሳሌዎች

ሀ. በር ጠባቂው (ማር. 13፥33-37)። አንድ ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ለአገልጋዮቹ ሥልጣን ሰጠ፤ ለእያንዳንዱም ሥራውን ለየለት፤ ዘበኛውንም እንዲተጋ አዘዘው። ጌታችን በዚህ ምሳሌ የሌሊቱን አራት ክፍሎች ይጠራል፤ ማታ፥ እኩለ ሌሊት፥ ዶሮ ሲጮኽና ንጋት። የቅዱስ ማርቆስን ወንጌል ቀጥለን ብናነብ እነዚህ ሰዓቶች በሕማማቱ ሌሊት ተመልሰው ሲመጡ እናያለን። ማታ በራት ላይ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ እንደሚከዳው ተናገረ (14፥17-18)። ሌሊት በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ደቀ መዛሙርቱ ተኝተው ተገኙ (14፥37)። ዶሮ ሲጮኽ ጴጥሮስ ካደው (14፥72)። ሲነጋም ለጲላጦስ አሳልፈው ሰጡት (15፥1)። እንግዲህ ጌታ ወደ ወዳጆቹ የሚመጣበት ሰዓት በደመና የሚገለጥበት ቀን ብቻ አይደለም። ወዳጅ ሲጨነቅ፥ እውነት ስትከሰስ፥ «ታውቀዋለህን?» ተብለን ስንጠየቅ ያ ሰዓት የእኛ የሌሊት ጥበቃ ነው።

ለ. ዐሥሩ ደናግል (ማቴ. 25፥1-13)። በዚህ ምሳሌ ልባሞቹንና ሰነፎቹን የሚለያቸው ምን እንደ ሆነ በጥንቃቄ እንመልከት። ዐሥሩም ደናግል ነበሩ፤ ዐሥሩም መብራት ይዘዋል፤ ዐሥሩም ሙሽራውን ሊቀበሉ ወጥተዋል፤ ሙሽራው በዘገየ ጊዜም ዐሥሩም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጌታችን ልባሞቹን ስለ መተኛታቸው አልነቀፋቸውም። የሚለያቸው ዘይቱ ብቻ ነው፤ ልባሞቹ ዘይቱን ያዘጋጁት ከመተኛታቸው በፊት ነበርና።

በገጠር የኖረ ሁሉ ይህን ይረዳዋል። ኩራዝ ቀን በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። ላምባ እንደሌለው የሚታወቀው ሌሊት ልጅ ታሞ ሲለኮስ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። በጥምቀት መዝገብ የተጻፈው ስማችን፥ በአንገታችን ያለው መስቀል፥ የማኅበር አባልነታችን ኩራዙ ነው። ዘይቱ ግን በፍቅር የሚሠራ እምነት ነው። ልባሞቹ ዘይቱን ያላካፈሉት ከንፍገት የተነሣ አይደለም። አባት ለልጁ ርስት ያወርሳል፥ ንጹሕ ኅሊናን ግን ሊያወርሰው አይችልም። እናት ስለ ልጇ ትጸልያለች፥ በልጇ ፈንታ ግን ንስሐ ልትገባ አትችልም።

ሐ. መክሊቱ (ማቴ. 25፥14-30)። መክሊት በጌታችን ዘመን የገንዘብ መለኪያ ነበረ። አንድ መክሊት ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ነው። አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ እንደ ነበረ ከወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ (ማቴ. 20፥2) እንረዳለን። በዓመት ሦስት መቶ ቀን የሚሠራ ሰው አንድ መክሊት ለማግኘት ሃያ ዓመት መሥራት ነበረበት። ስለዚህ አንድ መክሊት ብቻ የተቀበለው አገልጋይ እንኳ ብዙ አደራ የተጣለበት ሰው ነበረ። «እኔ ምን አለኝ?» የሚል ክርስቲያን ይህን ያስብ።

ይህ አገልጋይ አልሰረቀም፤ ገንዘቡንም በመጠጥ አላጠፋም። ቀበረው እንጂ። ምክንያቱንም ራሱ ተናገረ፤ ጌታው ጨካኝ መስሎት ፈራ (25፥24-25)። በዚህ ቃል ላይ መምህራን ሁሉ ቆም እንድንል ያስፈልጋል። ስለ ዳግም ምጽአት ስናስተምር እሳቱንና ጨለማውን ብቻ ብንናገር ሰሚዎቻችን መክሊታቸውን እንዲቀብሩ ልናደርጋቸው እንችላለንና። እግዚአብሔርን መፍራት የጥበብ መጀመሪያ ነው። ፍቅር የሌለበት ድንጋጤ ግን እጅን ያስራል። ደግሞም አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው አገልጋዮች ከጌታቸው የሰሙት የምስጋና ቃል አንድ ዐይነት መሆኑን እናስተውል (25፥21 እና 23)። ጌታ የሚመለከተው ታማኝነታቸውን ነው። ዐሥር ልጆችን ለማስተማር በእግሩ ሰዓታት የሚጓዝ የገጠር መምህር፥ ሚዛኑን የማያዛባ ነጋዴ፥ ጉቦ የማይቀበል ዳኛ፥ ልጇን ማማተብ የምታስተምር እናት፥ እያንዳንዳቸው በየመክሊታቸው ይነግዳሉ።

3. ጌታ የሚመጣባቸው መንገዶች

የክሌርቮው ቅዱስ በርናርዶስ (እ.ኤ.አ. 1090-1153) ስለ ጌታ መምጣት ሲሰብክ ሦስት ምጽአቶች እንዳሉ ያስተምራል። በመጀመሪያው ጌታ በሥጋና በድካም መጣ፤ ይህም በቤተ ልሔም የሆነው ነው። በመጨረሻው በክብር ይመጣል፤ ይህም የምንጠብቀው ነው። በሁለቱ መካከል ግን በመንፈስና በኃይል ወደ ነፍሳችን የሚመጣበት፥ ለዐይን የተሰወረ ሌላ ምጽአት አለ። ይህ መካከለኛው ምጽአት ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው የሚያደርስ መንገድ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ጌታን በቃሉ፥ በምሥጢራትና በድኾች አማካይነት እንገናኘዋለን። በቅዳሴ ሞቱን፥ ትንሣኤውንና ዕርገቱን ስናስብ ዳግም ምጽአቱንም እንደምንጠብቅ እንመሰክራለን። ቅዱስ ጳውሎስም ይህን እንጀራ ስንበላ ይህንም ጽዋ ስንጠጣ ጌታ እስኪመጣ ድረስ ሞቱን እንደምንናገር ያስተምረናል (1ቆሮ. 11፥26)። በታላቁ ፍርድ ትምህርትም (ማቴ. 25፥31-46) ንጉሡ በተራበው፥ በተጠማው፥ በእንግዳው፥ በታረዘው፥ በታመመውና በታሰረው ተመስሎ አስቀድሞ ወደ እኛ መጥቶ እንደ ነበረ ይገልጻል። በቀኙ ያሉትም በግራው ያሉትም «መቼ አየንህ?» ብለው መጠየቃቸው ያስደንቃል። ፍርዱ የተመሠረተው ሊያልፍ በሚችል ተራ ቀን፥ ማንም ሳያስተውለው በተደረገ ወይም ሳይደረግ በቀረ ነገር ላይ ነበረና።

ከዚህም ጋር ለእያንዳንዳችን የተወሰነ አንድ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፥ በዓለም ፍጻሜ ከሚሆነው አጠቃላይ ፍርድ በተጨማሪ እያንዳንዱ ሰው በሞቱ ጊዜ እንደ እምነቱና እንደ ሥራው ብድራቱን እንደሚቀበል ያስተምራል (ቁ. 1021-1022)። የዓለም ፍጻሜ በእኛ ዘመን ይሁን አይሁን አናውቅም። የእኛ ዕድሜ ፍጻሜ ግን በእኛ ዘመን እንደሚሆን ጥርጥር የለውም።

4. «ነገ» የሚባለው መሰናክል

እኛ ካህናት በአገልግሎታችን ደጋግመን የምናየውን አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። አንድ ምእመን በጠና ይታመማል። ካህን ቢጠራ በሽተኛው «መሞቴ ነው» ብሎ ይደነግጣል በሚል ሥጋት ቤተ ሰቡ ዛሬ ነገ ይላል። ካህኑ በመጨረሻ ሲደርስ ሕመምተኛው አይናገርም፥ ምናልባትም አይሰማም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።

የአንድን አረጋዊ ነገር እናንሣ። እኒህ ሰው ጾምና ቅዳሴ የማያቋርጡ ደግ ክርስቲያን ነበሩ፤ ነገር ግን በእርሻ ድንበር ምክንያት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ተኳርፈው ብዙ ዓመት ቆይተዋል። በየዐቢይ ጾሙ ስንመክራቸው «አባ፥ ለፋሲካ እታረቃለሁ» ይሉን ነበር። ፋሲካው ይመጣል፥ ያልፋል። አንድ ቀን በድንገት ታመሙና በሦስተኛው ቀን ማታ ተጠራን፤ ወንድማቸውም በዚያው ምሽት ተጠርቶ ነበርና ከደጃፉ ላይ አብረን ደረስን። ስንገባ አንደበታቸው ተይዟል። ምሥጢረ ቀንዲልን ፈጸምንላቸው፤ ወንድማቸውም እጃቸውን ይዞ አለቀሰ። የታማሚው ጣቶች ጥቂት ሲንቀሳቀሱ አይተናል። እግዚአብሔር ያችን ጥቂት እንቅስቃሴ እንደ ዕርቅ ቃል እንደ ተቀበላት በምሕረቱ ተስፋ እናደርጋለን። ከቀብር በኋላ ግን ወንድማቸው ወደ እኛ ቀርቦ «አባ፥ ዐሥራ አንድ ፋሲካ ነበረን» አለን። ከዚህ የበለጠ ስብከት ሰምተን አናውቅም።

ጥፋቱ የቤተ ሰብ ብቻ ነው አንልም። እኛም ጥሪው ሲደርሰን የምንዘገይበት፥ ወይም ስለ ምሥጢረ ቀንዲል በቂ ትምህርት ሳንሰጥ የምንቀርበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዐተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ (ቁ. 73)፥ ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ፥ አንድ ምእመን በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት በአደጋ ላይ መሆን ሲጀምር ጊዜው እንደ ደረሰ አስገንዝቧል። ሐዋርያው ያዕቆብም የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን ይጥራ ሲል (ያዕ. 5፥14-15) ጸሎቱ ለፈውስና ለኃጢአት ስርየት እንደሚሆን ይናገራል። ካህኑ የሞት መልእክተኛ ሆኖ አይመጣም፤ የጌታን ምሕረት ይዞ ይመጣል እንጂ።

በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይገልጻል። አንደኛው ኃጢአትን ለካህን መናዘዝ ሲሆን ሁለተኛው ሰው ከመሞቱ በፊት ስለ ንብረቱ የሚሰጠው የመጨረሻ ቃል ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱንም ለመጨረሻው ሰዓት እናስቀምጣቸዋለን። ዝግጁ ክርስቲያን ግን ሁለቱንም በጤናው ጊዜ ያደርጋል። ነፍሱን በንስሐ ያነጻል፤ ልጆቹም ከቀብር ማግሥት በፍርድ ቤት እንዳይካሰሱ የንብረቱን ነገር በፍትሕ ያስተካክላል።

5. ተስፋው ከምድር ሥራ አያርቀንም

አንዳንዶች «ዓለሙ የሚያልፍ ከሆነ ስለ ምድር ኑሮ መድከም ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1965 ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ስፍራ ባወጣው ሰነድ (ቁ. 39) ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የአዲሲቱን ምድር ተስፋ መጠበቃችን ይህችን ምድር ለማልማት ያለንን ትጋት ሊያነቃቃው እንጂ ሊያቀዘቅዘው አይገባም። ሰብአዊ ክብርን፥ ወንድማማችነትንና ነጻነትን ለማሳደግ በጌታ መንፈስ የደከምንበት ፍሬ ከእድፍ ሁሉ ነጽቶ በመንግሥቱ እንደገና እናገኘዋለንና።

ሐዋርያው ያዕቆብ ጌታን የሚጠብቁትን በገበሬ ይመስላቸዋል (ያዕ. 5፥7-8)። ገበሬ ዝናብን በትዕግሥት ይጠብቃል። ዝናቡን ግን እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ክረምት ከመግባቱ በፊት መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፥ ዘር ይመርጣል፥ ሞፈርና ቀንበሩን ያበጃል። ዝናብ ማዝነብ የእርሱ ሥልጣን አይደለም። መሬቱ ታርሶ መቆየቱ ግን የእርሱ ድርሻ ነው። የጌታ መምጣትም እንዲሁ ጸጋ ነው፤ የታረሰ ልብ ይዞ መጠበቅ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

6. የዝግጁ ክርስቲያን ኑሮ

እስካሁን ያየነውን ወደ ዕለት ኑሯችን ለማምጣት አምስት ነገሮችን እንመክራለን።

አንደኛ፥ ማታ ከመተኛታችን በፊት ኅሊናችንን እንመርምር። ቀኑን በጌታ ፊት ለጥቂት ደቂቃ አስበን፥ ስለ በጎው ማመስገን፥ ስለ ክፉው ይቅርታ መለመን በቂ ነው። እንቅልፍ የሞት ምሳሌ እንደ ሆነ አባቶቻችን አስተምረውናል።

ሁለተኛ፥ ምሥጢረ ንስሐን ከፋሲካ እስከ ፋሲካ አናቆየው። ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው ቶሎ ይነሣ፤ ሌላውም ቢሆን በየጊዜው ይናዘዝ።

ሦስተኛ፥ ቅዱስ ቁርባንን በተገቢ ዝግጅት እናዘውትር። በሕይወት ሳለን የለመድነው ይህ ምግብ በመጨረሻው ጉዟችን ስንቅ ይሆነናል።

አራተኛ፥ ዕርቅን በቀጠሮ አናሳድር። የተበደልነውን ይቅር እንበል፥ የበደልነውን እንካስ፥ ብድራችንን እንክፈል።

አምስተኛ፥ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ የምሕረት ሥራ በስሙ ለይተን እንያዝ። «ድኾችን እወዳለሁ» ማለት ቀላል ነው። በሰፈራችን ያለችውን አንዲት አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት እሑድ ከሰዓት መጠየቅ ግን የሚቈጠር ሥራ ነው።

7. በፍቅር መጠበቅ

በየቁምስናችን ልጆቻቸው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄዱባቸው እናቶች አሉ። «ልጅሽ በቅርቡ ትመጣለች» ተብሎ የተነገራትን እናት አይታችኋልን? ቀኑን በትክክል አታውቀውም። ቤቱን ትለቀልቃለች፥ አልጋውን ታነጥፋለች፥ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ ደጅ ትወጣለች። ላሟንም ማለብ፥ ጎረቤቷንም መጠየቅ አታቋርጥም። «ልጄ ትመጣብኛለች» ብላ ስትፈራ ግን አናያትም። ቅዱስ አውግስጢኖስ ክርስቶስን እንወደዋለን እያልን መምጣቱን የምንፈራ ከሆነ ይህ ምን ዐይነት ፍቅር ነው ብሎ የጠየቀው ስለዚህ ነው። የምንፈራው ከመምጣቱ ይልቅ ኃጢአታችንን ከሆነ፥ ኃጢአታችንን እንተው፤ ያን ጊዜ መምጣቱን እንናፍቃለን።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በጉባኤያቸው «ማራን አታ» ይሉ ነበር፤ ትርጕሙም ጌታችን ሆይ ና ማለት ነው (1ቆሮ. 16፥22)። እኛም ይህን ጸሎት ከእነርሱ ጋር በእውነት ለማለት እንድንበቃ፥ ያላለቀውን ዕርቅ ዛሬ እንጨርስ፥ የቀበርነውን መክሊት ዛሬ እንቈፍር። የሚመጣው ጌታ በሥራችን ላይ ያግኘን፤ «ገብር ኄር» የሚለውንም ቃል ያሰማን። አሜን።

ለቡድን ውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ሰዎች «ስምንተኛው ሺህ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ለእነርሱ በትሕትና ምን ልንመልስ እንችላለን?
2. ማቴዎስ 25፥1-13ን አንብቡ። በእኛ ኑሮ ኩራዙ ምንድን ነው? ዘይቱስ?
3. በቁምስናችን ሕመምተኞች ካህን ሳይጠራላቸው የሚቆዩት ለምንድን ነው? የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የቁምስናው ማኅበራት ይህን ለማስተካከል ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?
4. ለልጆች ስለ ዳግም ምጽአት ስናስተምር ከፍርሃት ይልቅ ናፍቆትን ለማሳደር የትኛውን የወንጌል ክፍል ብንመርጥ ይሻላል?
5. እያንዳንዳችን በልባችን እንመልስ፤ እስከሚመጣው ፋሲካ ብዬ ያቆየሁት ዕርቅ ከማን ጋር ነው?